በቆላና በደጋ አገር ለሞተር የሚስማማውን ዘይት ስለ መምረጥ

በቤንች፣ በሸኮ፣ በሸካና በማጂ አገር የቡና ለቀማ ወራት በደረሰ ጊዜ፣ የእሸት ቡናው መፈልፈያ፣ የጀንፈሉ መቀሸሪያ፣ የእህሉ ወፍጮና ቡናውን ወደ ገበያ የሚያወጣው የጭነት መኪና ሥራቸው ሁሉ በሞተር የተያዘ ነው። የመብራት መስመር በደረሰበት ስፍራ አንዳንዱ መፈልፈያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቢሆንም፣ መብራት በሚቋረጥበት ሰዓትና መስመሩ ገና ባልደረሰበት ቀበሌ የናፍጣ ሞተር እስከ ዛሬ ድረስ ሥራውን ይዞ ይገኛል። ቀይ እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ክምሩ ያደረ እንደ ሆነ ይግላል፣ መፍላትም ይጀምራል፣ የፍሬውም ጣዕም ይበላሻል፤ ታጥቦ በከፍተኛ ዋጋ ሊሸጥ የተለቀመው ቡና ተሰጥቶ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። ስለዚህ በለቀማው ወራት መካከል አንድ ሞተር ሦስት ቀን ቢቆም፣ የሚጎዳው የሞተሩ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ቡናውን በጀርባው ተሸክሞ የመጣው ገበሬ ሁሉ ነው።

ሞተርን የሚያቆሙ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም የሚበዙትን ማወቅና ማዳን የመካኒኩ ሥራ ነው። ነገር ግን የወረዳ ሹም ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ኃላፊ መፍቻ ሳይዝ በብዕሩ ብቻ ሊከለክለው የሚችል አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ለሞተሩ የማይስማማ ዘይት ተገዝቶ መግባቱ ነው።

በሞቃት አገር ዘይት ስለ መምረጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «አገሩ ቆላ ነውና ዘይቱ ይወፍር» የሚል ነው። ቃሉ ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ከመጠን በላይ የቀጠነ ዘይትም ብረትን ከብረት ለመለየት አቅም ያጣል። ስሕተቱ ያለው የአየሩን ሙቀትና የሞተሩን ሙቀት አንድ አድርጎ በማየት ላይ ነው። ሞተር ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ሳይሆን ከራሱ እሳት ነው። በደንብ የሚሠራና ማቀዝቀዣው ያልተበላሸ የናፍጣ ሞተር፣ በማጂ ተራራ ላይም ሆነ በኦሞ ቆላ፣ ሥራ ከያዘ በኋላ የዘይቱ ሙቀት ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይውላል። የውጪው አየር ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲወጣ የዘይቱ ሙቀት በጥቂት ይጨምር ይሆናል እንጂ በዚያው ልክ አይወጣም፤ ራዲያተሩና ቴርሞስታቱ የተሠሩት ይህን ለመጠበቅ ነውና። የሞተሩ ሠሪ የዘይቱን ቁጥር ሲወስን አስቀድሞ የሚያስበው ይህን የውስጥ ሙቀት ነው።

ዘይት በሞተር ውስጥ ያለው ሥራ ማለስለስ ብቻ አይደለም። በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል እንደ ስስ ምንጣፍ ገብቶ ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ ያደርጋል፤ በፋሻውና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ ውኃ ከማይደርስበት ስፍራ ሙቀትን ተሸክሞ ይወጣል፤ ጥላሸቱንም እያጠበ ወደ ፊልትሮው ያደርሳል። ዘይቱ ከመጠን በላይ የወፈረ እንደ ሆነ ከእነዚህ ሥራዎች መጀመሪያውን ብቻ እንኳ ቢፈጽም፣ ሌሎቹን ያጓድላል። በጠባቡ ቧንቧ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህም ሙቀት የማንሣት ኃይሉ ይቀንሳል። ፓምፑ ሊገፋው ሲታገል የሞተሩ ጉልበት በከንቱ ይጠፋል፣ ናፍጣም ይበላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሞተሩ ጧት በሚነሣበት ጊዜ የሚደርሰው ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ስላደረ፣ የላይኞቹ ቫልቮችና ብሮንዚኖቹ አዲስ ዘይት እስኪደርሳቸው ድረስ በትናንቱ እርጥበት ብቻ ይሠራሉ። ያ ጊዜ በአጠረ መጠን ሞተሩ ይድናል፣ በረዘመ መጠን ይፋቃል።

አሁን በቆርቆሮው ላይ ወደ ተጻፈው ቁጥር መመለስ ይገባል። ይህን የቁጥር ሥርዓት በ1911 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ያወጣው የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ በላቲን ፊደል ሦስት ፊደሎች ሆኖ የሚጻፈውና «ኤስ.ኤ.ኢ.» ተብሎ የሚነበበው የዚሁ ማኅበር ስም ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው 30፣ 40 ወይም 50 የሚለው ቁጥር የአየር ሙቀት ዲግሪ አይደለም፤ 40 ቁጥር ዘይት 40 ዲግሪ ለሚሞቅ አገር የተሠራ ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚያሳየው ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅበት ጊዜ የሚኖረውን ውፍረት ነው። የውፍረቱ መለኪያ ሴንቲስቶክ ይባላል። በ100 ዲግሪ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ ያለው 30 ይባላል፤ ከ12.5 እስከ 16.3 ያለው 40 ይባላል፤ ከ16.3 እስከ 21.9 ያለው 50 ይባላል።

አንዳንዱ ቆርቆሮ ግን ሁለት ቁጥር አለበት፤ እንደ «15 ደብልዩ 40» ያለ ነው። ደብልዩ የተባለው ፊደል በእንግሊዝኛ ክረምት ለሚለው ቃል ምልክት ሲሆን፣ የእነርሱ ክረምት ደግሞ በረዶ የሚወርድበት ወራት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል፤ ሲያንስ በብርድ የበለጠ ይፈስሳል ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከላይ የተነገረው የሙቀት ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት ወደ ገበያ የወጣው ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ አንድ ቁጥር ብቻ ስለ ነበር፣ በብርድ አገር ያሉ ሰዎች በክረምት ቀጭን፣ በበጋ ወፍራም እያሉ ዘይት ይለውጡ ነበር።

የሁለቱን ልዩነት ለማየት በገበያ ከሚገኙት ዘይቶች የተለመደውን ልክ መመልከት ይበቃል። ቁጥሩ 40 ብቻ የሆነው ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት 14 ወይም 15 ሴንቲስቶክ ያህል ነው፤ 15 ደብልዩ 40 የተባለውም በዚያው ሙቀት 14 ወይም 15 ያህል ነው። እንግዲህ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሁለቱ ዘይቶች በውፍረት እኩል ናቸው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ግን ባለ አንድ ቁጥሩ ወደ 145 ሴንቲስቶክ ሲወፍር፣ ባለ ሁለት ቁጥሩ ወደ 110 ያህል ብቻ ይሆናል። 50 ቁጥር ደግሞ በ40 ዲግሪ 200 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የንጋቱ አየር ከዚህ እጅግ ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ይበልጡን ይሰፋል። «ቆላ ነውና ይወፍር» ተብሎ 50 ቁጥር የተሞላበት ሞተር፣ በሙቀቱ ሰዓት የሚያገኘው ትርፍ ጥቂት ሲሆን ዋጋውን ጧት ጧት ይከፍላል ማለት ነው።

ይህ ነገር በቱም ዙሪያ ከሌላ ስፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ቱም ያለችው በማጂ ደጋና ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ መካከል ነው። ማጂ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ኦሞ በኩል ያለው ሜዳ ግን ወደ 500 ሜትር ይወርድና በበጋ ቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በንጋት ከማጂ ወይም ከቱም ተነሥቶ ወደ ሱሪ አገር የሚወርድ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ብርዱንም ሙቀቱንም ያያል። ወደ ጀሙና ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚመጣውም እንዲሁ መውረድና መውጣት ይበዛበታል። ሚዛን ተፈሪ 1,400 ሜትር ያህል፣ ቴፒ 1,200 ሜትር ያህል፣ የበበቃ የቡና እርሻ ደግሞ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ ንጋቱ ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ነው። «ሞቃት አገር» የሚለው ስም እንግዲህ ለቀኑ እኩሌታ እንጂ ለሞተሩ መነሻ ሰዓት አይሠራም።

ስለዚህ በዚህ አገር ለሚመላለስ የጭነት መኪና፣ ለትራክተርና ለተለመደው የናፍጣ ላንድክሩዘር፣ የሞተሩ መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ የሚስማማው 15 ደብልዩ 40 ነው። እንደ በረዶ ያለ ብርድ ስለሌለ ከ15 ወደ 10 ወይም ወደ 5 ለመውረድ ሲባል ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት የተሠሩት አንዳንድ መኪናዎች 5 ደብልዩ 30 ወይም ከዚያም የቀጠነ ዘይት በመጽሐፋቸው ያዝዛሉ። የእነዚህ ሞተሮች የዘይት መንገድ ጠባብ፣ የብረታቸውም ክፍተት ትንሽ ስለ ሆነ፣ «ይህ ለብርድ አገር የተጻፈ ነው» ብሎ በሥልጣን ወደ 20 ደብልዩ 50 መለወጥ ሞተሩን መጉዳት ነው። መጽሐፉ ራሱ ለሙቅ አገር ሌላ ቁጥር ከፈቀደ በውስጡ በሠንጠረዥ ተጽፎ ይገኛል፤ ሠንጠረዡን ማንበብ ከግምት ይሻላል።

በወፍጮ ቤትና በመፈልፈያ ቆሞ የሚሠራው ሞተር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር በዱርስሊ ከተማ በ1867 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የሊስተር ፋብሪካ የሠራው፣ ኋላም በህንድ አገር በአምሳያው ብዙ የተሠራው ባለ አንድ ሲሊንደር ዝግተኛ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። ክፍተቱ ሰፊ፣ ሥራው ከጧት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ነው፤ ተራራ አይወጣም፣ ቁልቁለትም አይወርድም። ለእንዲህ ያለው ሞተር ባለ አንድ ቁጥር ዘይት አያሳፍርም፤ ዋጋውም ይቀልላል። በቴፒና በበበቃ ቆላ 40 ቁጥር፣ በደጋው በማጂ በኩል ደግሞ መጽሐፉ የፈቀደ እንደ ሆነ 30 ቁጥር ይስማማዋል። በማኒቬላ የሚነሣ ሞተር ስለሆነም የዘይቱ መወፈር በሠራተኛው ክንድ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ሠራተኛው ጧት ሞተሩን ማዞር አቅቶት ከሥሩ እሳት የሚያነድድ ከሆነ፣ የዘይቱ ቁጥር አለመስማማቱን ሞተሩ ራሱ እየተናገረ ነው።

የገጠር ሠራተኞች የሚሄዱበት ሞተር ብስክሌት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር የሚቃጠልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር የራሱ የሆነ ዘይት ስላለው የናፍጣ ሞተር ዘይት አይገባበትም። ባለ አራት ምቱ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚነከር፣ ለሞተር ብስክሌት ተብሎ የተሠራውን ይፈልጋል።

ከውፍረቱ ቁጥር ሌላ በቆርቆሮው ላይ መታየት ያለበት የደረጃው ፊደል ነው። የአሜሪካ የነዳጅ ማኅበር በሚሰጠው ምልክት፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው፤ «ሲ.ኤፍ. 4» ወይም «ሲ.አይ. 4» እንደሚባለው ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት የሚበዛበት ስለ ሆነ፣ ጥላሸቱን በትኖ የሚይዝና ከናፍጣው የሚመጣውን አሲድ የሚያከሽፍ መድኃኒት በዘይቱ ውስጥ ይጨመራል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ፊደሉ የቤንዚን ብቻ የሆነ ዘይት በናፍጣ ሞተር ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይወፍራል። ከሁለቱ ስሕተቶች ይህኛው ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚያልፍ በመሆኑ የከፋ ነው።

አሮጌ ሞተር ዘይት መብላት ሲጀምርና ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ሲወጣ፣ ወደ 50 ቁጥር ወይም ወደ 20 ደብልዩ 50 መሄድ የተለመደ ነው። ይህ ለለቀማው ወራት ብቻ ጊዜ ለማግኘት ተብሎ ቢደረግ አይነቀፍም። ግን መድኃኒት አይደለም፤ ያለቀ ፋሻ በወፍራም ዘይት አይታደስም፣ ሕመሙ ይሸፈናል እንጂ። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ መፈልፈያው ሥራ በሚፈታበት ወራት፣ ፋሻውንና ካሚቻውን ማስለወጥ በጀት ሊያዝለት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በዘይቱ ማላከክ አይገባም። በመቀሸሪያ ቤት የሚነሣው የቡና ገለባ ብናኝ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ይደርቃል፣ የአየር ፊልትሮውንም ይደፍናል። አየር ያጣ ሞተር ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ያልተቃጠለው ጥላሸትም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቺንጊያው የላላ እንደ ሆነም ማራገቢያው አይዞርም። በእነዚህ ምክንያቶች የዘይቱ ሙቀት ከ120 ዲግሪ በላይ ወጥቶ የሚቆይ ከሆነ፣ ማናቸውም ቁጥር ቢሆን አይጸናም። ዘይት ከአንድ ልክ በላይ ሲሞቅ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የማርጀቱ ፍጥነት እጥፍ ያህል እንደሚሆን በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለሞቃት አገር ከተመረጠ ዘይት ይልቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን በብሩሽና በውኃ የጸዳ ራዲያተር ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል።

ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አገር ሌላው የዘይት ጠላት ውኃ ነው። በርሜል በውጪ ቆሞ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ በላዩ ላይ የዝናብ ውኃ ይቋጥራል። ቀን በፀሐይ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በርሜሉ እንደ ሰው ትንፋሽ ይስባልና፣ የቋጠረው ውኃ በውታፉ ዙሪያ ቀስ እያለ ይገባል። በርሜሉ የታሸገ ቢሆንም ይህ ይሆናል። ስለዚህ በጣራ ሥር ይቀመጥ፤ ጣራ ከታጣም በእንጨት ላይ ተጋድሞ፣ ሁለቱ ውታፎች ጎን ለጎን በአግድም መሥመር እንዲውሉ ሆኖ ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ራሱ ውታፎቹን ከውስጥ ስለሚሸፍን አየርም ውኃም አይስብም። መቅጃውም ዕቃ ክዳን ያለውና ለዘይት ብቻ የተለየ ይሁን። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። ጥርጣሬ ሲኖር አንድ ጠብታ በጋለ ምጣድ ላይ ቢጣል፣ ውኃ ያለበት እየተንጣጣ ይፈነጠራል፤ ንጹሑ ግን ጸጥ ብሎ ይጨሳል። ናፍጣ የተቀላቀለበት ደግሞ በመለኪያ ዘንጉ ላይ በሽታው ይታወቃል፤ የዘይቱም ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ይገኛል።

ዘይቱን የመለወጫው ጊዜ በወር ሳይሆን በሥራ ሰዓት መቈጠር አለበት። አንድ መፈልፈያ በቀን 10 ሰዓት ለ90 ቀን ቢሠራ 900 ሰዓት ይሆናል። መጽሐፉ በየ250 ሰዓቱ እንዲለወጥ የሚያዝዝ ሞተር በዚያ ወራት ውስጥ ብቻ ሦስት ጊዜ መለወጥ አለበት፤ አነስተኛ ሞተሮች በየ100 ሰዓቱም ሊጠይቁ ይችላሉ። «በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለቀማው ሲያልቅ» የሚለው ልማድ ሞተሩን በጣም በሚደክምበት ጊዜ በአሮጌ ዘይት ማሠራት ነው። የተደፋውም ዘይት ወደ ማጠቢያው ወንዝ ሊወርድ አይገባም፤ በታሸገ ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚረከበው ሰው ይሰጥ።

የግዢው ወረቀት የሚጻፈው በሹሙ ቢሮ ነው። «የሞተር ዘይት 20 ሊትር» ተብሎ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ነጋዴው በመደብሩ ያለውን ሁሉ ሊያቀርብ መብት አለው፤ ዋጋው ያነሰው ያሸንፋል፣ መካኒኩም የመጣለትን ይሞላል። በወረቀቱ ላይ የሞተሩ ስምና ዓይነት፣ የመጽሐፉ ትእዛዝ፣ የዘይቱ ቁጥርና የደረጃው ፊደል ሊጻፍ ይገባል፤ ለምሳሌ «ለቱም የጭነት መኪና፣ 15 ደብልዩ 40፣ ለናፍጣ ሞተር ሲ.አይ. 4 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከፋብሪካው እንደ ታሸገ» ተብሎ ይጻፍ። ተረካቢውም ቆርቆሮውን ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን አይቶ፣ የተሞላበትን ቀንና የሞተሩን ሰዓት በሞተሩ ደብተር ላይ ከፈረመ በኋላ ይረከብ።